የአንድ ሌሊት እንግዳ

አበባ በአብዛኛው የቀን ነገር ነው። አደይ መስከረም ሲጠባ ሜዳውን በጠራራ ፀሐይ ታለብሳለች፤ ንቦችም በቀን ይጎበኟታል። ጨለማን መርጠው የሚፈኩ ግን ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚያ አንዷ ኩየራ በሚገኘው የእናቴ በረንዳ ላይ፣ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ኖራለች።

ኩየራ ከአርሲ ነጌሌ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት እ.ኤ.አ. በ1947 በተመሠረተው የአድቬንቲስት ትምህርት ቤት ነው። እኔ ግን ስሟ በተነሣ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ያቺ ተክል ናት።

ለዓይን እንኳ ያን ያህል አትስብም። ቅጠል የሚመስለው ጠፍጣፋ አካሏ ግንዷ ነው፤ አበባዋም ከዚያው ጠርዝ ይወጣል። ቁልቋል እንላታለን እንጂ ነጭ ወተት ከሚያፈስሰው ከአገራችን ቁልቋል ጋር ዝምድና የላትም። የሥጋ ዘመዷ ባሕር ተሻግሮ የመጣው በለስ ነው። ትውልዷ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ መካከለኛው አሜሪካ በሚዘልቀው ደን ሲሆን፣ በዚያ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትኖራለች። ስለዚህ አያያዟም እንደ በረሃ ተክል አይደለም። ጠንካራ ፀሐይ ያቃጥላታል፤ ጥላ ትወዳለች። አፈሯ ልል፣ የቆርቆሮው ቂጥም የተበሳ መሆን አለበት፤ ውኃ ከተኛባት ሥሯ ይበሰብሳል።

እናቴ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላነበበችም። በየጠዋቱ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰድዳለች፤ ደርቆ ካገኘችው ታጠጣለች፤ እርጥብ ከሆነ ትተዋለች። ግላኮማ የዓይኗን ብርሃን ጥቂት በጥቂት ሲወስድባት ብዙ ሥራ ከእጇ ወጣ። መርፌውም፣ እንጀራ ጋገራውም ቀረ። ይህ ሥራ ግን ቀድሞም የጣት ሥራ ነበርና አልቀረም።

የዚህ ወገን ተክሎች አንድ ጠባይ ያስደንቀኛል። ሌላው ተክል በቀን አየር ሲስብ፣ እነርሱ ውኃቸው በፀሐይ እንዳይባክን ቀዳዳዎቻቸውን የሚከፍቱት በሌሊት ነው። በጨለማ የሳቡትን በአሲድ መልክ ያስቀምጡና በነጋ ጊዜ በብርሃኑ ምግብ ይሠሩበታል። እናቴም አንዳንድ ቀን ዝም ብላ ስትቀመጥ፣ ቀድሞ ካየችው እየቆነጠረች የምትኖር ይመስለኛል።

አበባዋ የምትፈካበት ምሽት በቤታችን እንደ በዓል ነበር። እምቡጧ አንገቷን ቀና ባደረገች ዕለት ጎረቤት ይጠራል፤ ቡና ይፈላል። ያን ምሽት ግን እናቴ «ዕጣን እንዳታጨሱ» ትል ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ እምቡጧ መላቀቅ ትጀምራለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ እንደ ሳሕን ሰፍታ ነጭ ሆና ትታያለች። በዚያ ነጭነትና በዚያ ሽታ በትውልድ አገሯ የሌሊት የእሳት ራቶችን ትጠራለች፤ በኩየራ ደግሞ ጎረቤትን። ሊነጋጋ ሲል አንገቷን ትደፋለች። እኛ እያየን «አቤት!» ስንል፣ መፍካቷን ከሁላችን ቀድማ የምታውቀው እናቴ ነበረች፤ ሽታው ከዓይን ይፈጥናልና።

አሁን እናቴ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ብቻዋን መኖር አልቻለችም፤ መምጣቱንም አልወደደችውም። ቆርቆሮው ለመንገድ ስለከበደ ለጎረቤት ተሰጠ። እኛ ከተክሏ አንድ ቁራጭ ወስደን፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ አቆይተን ተከልነው። ሥር ሰድዷል፤ አበባ ለመስጠት ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ይህን ስነግራት ጥቂት አሰበችና «የእኔ ዕድሜ 79 ነው፤ የእርሷን እርሷ ታውቃለች» አለችኝ። በማግስቱም ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰድዳ አገኘኋት።

ባለፈው ሰኔ አንድ ምሽት ጎረቤታችን ከኩየራ ደወለች። «እትዬ፣ አራት ፈክተዋል!» አለች። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ዝም አለች። ስልክ ድምፅ እንጂ ሽታ አያደርስም።

«ሽታዋ እስከ በሩ ይደርሳል?» ስትል ጠየቀች።

«እስከ መንገዱ ድረስ፣ እትዬ።»

«እንግዲያውስ ዛሬ ዕጣን እንዳታጨሺ» አለቻት።