ውሃ የማይጠጣ ሣር

ጅግጅጋ ላይ ሣር ማሳደግ ቅንጦት ነው። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ለሣር ማን ያጠጣል? ጎረቤታችን ግን በቤቱ ጎን፣ እስከ አጥሩ ባለችው ጠባብ መሬት ጠጠር ደልድሎ ጠቀጠቀ፤ የፕላስቲክ ሣር አነጠፈ፤ አሸዋ በተነበት።

በ1966 እ.ኤ.አ. ሂዩስተን ላይ፣ ጣራ ባለው ስታዲየም ይኸው ሣር የተነጠፈው የተፈጥሮው ፀሐይ አጥቶ ስለሞተ ነበር። እነሱን ፀሐይ ቸገራቸው፤ እኛን ፀሐይ ተርፎን ውሃ ቸገረን። በቀትርማ ሜዳው እንደ ምጣድ ይግላል።

እኔን የከነከነኝ ግን አጥሩ ነው። አቧራው ላይ አብረው ይራገጡ የነበሩ ልጆች ዛሬ ገሚሱ ውስጥ ናቸው፤ ገሚሱ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያል። «አዴር፣ ክፈትልን!» ይሉታል።

እስቲ ፍረዱ ጓደኞቼ፤ አቧራው ይሻል ነበር አልልም፤ ጉልበት ይልጣል። ግን ለአሥር ልጅ የሚበቃ ሜዳ ለሁለት ሲቀር፣ ከማን ጋር ሊጋጠሙ ነው?