መንገድ የሚችል ወጥ

ጥር ላይ እናቴ ጉልበቷን ታማ ደቡብ ጎንደር፣ ይፋግ ሦስት ሳምንት ከጎኗ ተቀመጥሁ። ሐኪሙ ምድጃ ሥር እንዳትንበረከክ ከልክሏታል፤ እሷ ግን እኔ ጓዳ ስገባ ካየች ተነሥታ ትከተለኛለች። ስለዚህ ምሳችንን ከምግብ ቤት ማስመጣት ጀመርሁ። አዲስ አበባም ለዓመታት በስልክ እያዘዝሁ በልቻለሁ። ይህ ማስታወሻ ከሁለቱም ቦታ የተለቀመ ነው።

*

ክዳን

መጀመሪያ ያዘዝሁት የጣና አሳ ጥብስ ነበር። ምግብ ቤቱ አስፋልቱ ዳር ስለሆነ በባጃጅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። አሳው ሲደርስ ግን ለስልሶ የተቀቀለ መስሏል። ያበላሸው ክዳኑ ነው። የትኩስ ጥብስ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ክዳኑ ላይ ውኃ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። በማግሥቱ በወረቀት ብቻ ጠቅልለው እንዲልኩልኝ ለመንሁ። በረድ ብሎ፣ ግን እየተንኮሻኮሸ መጣ። ጥብስ የሚልክ ሰው ክዳኑን ይብሳው፤ ትንሽ ሙቀት ቢያመልጥ ይሻላል።

*

ሸክላ

መንገድ በመቻል ሽሮን የሚያህል አላገኘሁም። እዚህ ተጋቢኖ የምትሠራልን ሴት በላስቲክ ዕቃ አትልክም። ሸክላው ራሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ በባጃጁ ልጅ እጅ ይመጣል፤ ጨርቁ ሲፈታ ገና ይንተከተካል። ልጁ ማታ መጥቶ ሸክላውን ይወስዳል። መያዣ አልጠየቀችኝም፤ የማን ልጅ እንደሆንሁ ታውቃለች።

*

ደጋ

ዘመድ ልጠይቅ ደብረ ታቦር ወጥቼ አንድ ምሳ እዚያ አስመጣሁ። ከተማው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ወጡ ገና ከድስቱ ሲወጣ ከቆላው ወጥ ያነሰ ሙቀት ይዞ ይነሣል ማለት ነው። ከዚያ የጉና ተራራ ነፋስ ያገኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንዲቆይ፣ በክፍል ሙቀትም ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል። በደጋ ምግብ የሚልክ ሰው ጋቢ የሚያህል መጠቅለያ ያስፈልገዋል። የእኔ ቀይ ወጥ የመጣው በስስ ፌስታል ነበር፤ ቅቤው ረግቶ ዳር ዳሩን ይዟል። ድስት ላይ መልሰን አሞቅነው። ምድጃ እንዳይነድ ብዬ ያዘዝሁት ምግብ ምድጃ አስነደደ።

*

ዓይን

አዲስ አበባ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ አዝዝ ነበር። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ እንጀራው ላይ ተደርድሮ በቴካዌይ ዕቃ ይመጣል። ገበታ ላይ የእንጀራ ዓይን መረቁን እየጠጣ ሲጠብቅ ደስ ይላል፤ ከታች የቀረው የራሰ እንጀራ የሚሻሙበት ነው። መንገድ ላይ ግን ያ ዓይን ጉዳት ይሆናል። ከግማሽ ሰዓት የሞተር ጉዞ በኋላ ምስሩ ከጎመኑ ተቀላቅሎ እንጀራው ሲያነሡት ይበጠሳል። ወጡን ለብቻ፣ እንጀራውን ለብቻ የሚልክ ምግብ ቤት ሳገኝ ደንበኛ ሆንሁ።

*

ሩዝ

የእኛ አካባቢ እንጀራ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በደርግ ዘመን ሩዝ ፎገራ ሜዳ ላይ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ተሞክሮ ከተስፋፋ ወዲህ ጤፍን ከሩዝ ቀላቅሎ መጋገር ተለምዷል። ትኩሱ ነጭና ለስላሳ ነው። ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቃል፤ ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በጨርቅ ተሸፍኖ መሄድ አለበት። እናቴ ገና በእጇ ስትነካው “ሩዝ አለበት፣ ቶሎ እንብላው” ትላለች።

*

የት ጋር ነህ?

አዲስ አበባ ደሊቨር አዲስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ምግብ በድረ ገጽ ማዘዝ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነበር። ከዚያ ቢዩ ደሊቨሪን የመሳሰሉት መጡ፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም በቴሌብር መክፈል ተቻለ። ካርታውም ክፍያውም ስልክ ውስጥ ገባ። ሆኖም ሞተረኛው ሳይደውል የመጣበትን ቀን አላስታውስም። “የት ጋር ነህ?” ይለኛል፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ፋርማሲውን፣ አረንጓዴውን በር እነግረዋለሁ። ይፋግ ውስጥ አድራሻችን የእናቴ ስም ነው። ስሟ ከተጠራ ልጁ ሌላ አይጠይቅም።

ያለ ካርታ ምሳ የሚያደርሱ ሌላም አገር አሉ፦ ሕንድ ውስጥ የሙምባይ ዳባዋላዎች ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤት የተሠራ ምሳ ለሠራተኛ እስከ ሥራው ቦታ ያደርሳሉ፤ የምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ያለው ቀለምና ምልክት ብቻ ይመራቸዋል። የእነሱ ሥራ ከእኛው የደቦ ምሳ ጋር ይቀራረባል፤ ሴቶች በእንስራ ጠላ፣ በሌማት እንጀራ ይዘው ወደ አጨዳው ሲወርዱ ማሳው የት እንዳለ ማንም አይነግራቸውም።

*

ኔትዎርክ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። እንዲህ ሲሆን በመተግበሪያ የሚታዘዝ ነገር ሁሉ አብሮ ይቆማል። ያን ጊዜ እዚህ የነበሩ ዘመዶቼ መድኃኒትም ዱቄትም ያስመጡ የነበረው በሰው አፍ መልእክት ነው። ባለ ሽሮዋን፣ የባጃጁን ልጅና ጎረቤትን የሚያገናኘው ክር ቀጭን ይመስላል፤ ከተማ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ክር ከስልኩ ውጭ ቢኖረው እመኛለሁ።

*

ስንቅ

ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ገበያና የቀረጥ በር ነበረች። ሲራራ ነጋዴ ጨውና ቡና ጭኖ ያልፍባት ነበር። የመንገደኛው ስልቻ ውስጥ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ይገኝ ነበር። እነዚህ ሁሉ ከመነሻቸው ለመንገድ የታሰቡ ናቸው፤ ውኃቸው ወጥቷል፣ ክብደታቸው ቀልሏል፣ ሳምንታት ይቆያሉ። የዛሬው ምግብ ቤት ለገበታ የሠራውን ወጥ እንዳለ መንገድ ላይ ያወጣዋል። ስንቅ ያሰናዱ እናቶች ልጆች ነንና የዴሊቨሪ ምግብ ዝርዝር ስናወጣ ለምግቡ ሁሉ “መንገድ ይችላል ወይ?” ብለን ብንጠይቅ ጥሩ ነው።

*

አገልግል

ሦስት ሳምንት ሙሉ የላስቲክ ዕቃ ጓሮ ተከመረ። የእናቴ አገልግል ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቆዳው ጠቁሯል፣ ጠፍሩ አንድ ጊዜ ተቀይሯል። ከእኔ ዕድሜ በላይ አገልግሏል። ለሠርግ ዶሮ ወጥ፣ ለአራስ ገንፎ፣ ለእስረኛ ምሳ ተመላልሶበታል። ሰው የሞተበት ቤት ምድጃ ለቀናት ሳይነድ ሲቀር ያለ ማንም ትእዛዝ በሩን ያንኳኳው እሱ ነው።

*

ተሸካሚው

አዲስ አበባ ምሳ ያመጣልኝን አንድ ሞተረኛ “ምሳ በላህ?” ብዬ ጠየቅሁት። ጊዜው ዘጠኝ ሰዓት ነው። “ሰው በልቶ ሲጨርስ እበላለሁ” አለኝ፤ የምሰጠውን ቆሞ ለመቀበል ግን ጊዜ አልነበረውም፤ ሌላ ትእዛዝ ይጮኽበታል። በእኛ ቤት አገልግል ያመጣ ሰው ሳይቀምስ አይወጣም። ይህን ልማድ ከነሙሉ ወጉ ከተማ ማምጣት አይቻልም ይሆናል። አንድ ሙዝ ወይም አንድ ዳቦ በር ላይ ማዘጋጀት ግን ይቻላል፤ ካየሁት ጀምሮ አዘጋጃለሁ።

*

ባዶ ሸክላ

በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ሸክላውን ሊወስድ ሲመጣ እናቴ ከአልጋዋ ሆና “ባዶውን እንዳትሰጠው” አለችኝ። ከጓሮ በኩል የመጣ የሽምብራ እሸት ነበርና ሞልቼ ሰጠሁት። “ለእሷ ነው በላት፤ እኔ በልቼ ጠግቤአለሁ በላት” ብላ እናቴ ላከች።

በማግሥቱ ሽሮው ሲመጣ ልጁ ወዲያው አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ አደራውን አደረሰ፦ “ጋሼ፣ እማማ ደም ግፊት አለባቸው ሲሉ ሰማሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጨው ቀንሼላቸዋለሁ፣ ለእርስዎ ለብቻው ልኬአለሁ በልልኝ ብላለች።”

ከሸክላው ጎን በወረቀት የተቋጠረ ትንሽ ጨው ነበር።