ላሽ

ነገሩ የተጀመረው በትርጉም ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን ስለ ጅማ አካባቢ የተጻፈ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሰጡንና «ወደ አማርኛ መልሱ» አሉን። ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ «ላሽ» የሚል ቅጽል አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። በአራዳ ቋንቋ ላሽ ማለት ጥሎ መሄድ፣ መጥፋት ነዋ! እኔማ የካዛንቺስ ልጅ ስለሆንኩ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ «በጣም አረንጓዴ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ።

ወረቀቴ ሲመለስ ቃሉ በቀይ ተከቧል። ከጎኑ «አረንጓዴ ቀለም የተቀባ በርም ላሽ ነው?» የሚል ተጽፎበታል። እውነትም አይደለም። ቃሉ የሚገልጸው ውሃ ጠግቦ፣ ተትረፍርፎ የበቀለ ሣርና ቅጠልን ነው። ሼክስፒር በ1623 እ.ኤ.አ. በታተመው «ዘ ቴምፔስት» ተውኔቱ ውስጥ ለሣር ተጠቅሞበታል። ምንጩም «ለስላሳ» የሚል ትርጉም ከነበረው የድሮ ቃል ሳይሆን አይቀርም። በመንገድ እንግሊዝኛ ግን ላሽ ሰካራምም ማለት ነው፤ ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ ያላነበበ ተርጓሚ ጉድ ይሆናል።

የኛው አቻ «ለምለም» ነው። ከ«ለም» ጋር ግን እንዳናምታታው፤ ለም የሚባለው አፈሩ ነው፣ ለምለም የሚባለው በላዩ የበቀለው። «ጥቅጥቅ ያለ» ብንልም ብዛቱን እንጂ ርጥበቱን አይነግረንም። በግዕዝም «ለምለመ» ማለት ለሰለሰም፣ ለመለመም ነው። ለዚህ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልገኝም ነበር። እናቴ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገችኝ፤ ከምጣድ ስታወጣ «ለምለም ናት!» ትላለች። አረንጓዴ እንጀራ ደግሞ አይቼ አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣው የቤት ሥራ «ሰፈራችሁን ግለጹ» የሚል ሆነ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲፈርስ የኛም ቤት አብሮ ፈረሰ፤ እኛ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ጎረቤቶቻችንም በየአቅጣጫው ተበተኑ።

ደብተሬን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ዳርና ዳሩ ሣር ነው። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። እርጥብ ነው፣ ለስላሳ ነው። ድሮ እኛ ግቢ የነበረው ልምላሜ በጣሳ የተተከለች አንዲት ጤና አዳም ብቻ ነበረች። ታዲያ «ለምለም» ብዬ ልጻፍ? እጄ እምቢ አለኝ። ብጽፈው የእናቴን ቤት የካድኩ፣ ብተወው ደግሞ አንባቢዬን የዋሸሁ መሰለኝ።

ማታ እናቴን ጠየቅኳት። ሊጡን እያማሰለች፣

«ለምለም ከሆነ ለምለም በላ። ውሸት ምን ይሠራልሃል?» አለችኝ።

ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣

«ግን እንጀራዬን ይገዙኝ የነበሩት የት እንደገቡም ጻፍ» ብላ ጨመረች።

ሁለቱንም ጻፍኩ። ሣሩ ለምለም መሆኑን በአንድ መስመር፣ ደንበኞቿን በሁለት ገጽ። ከነሱ ውስጥ አሁን የት እንዳሉ ያገኘኋቸው አራቱን ብቻ ነው። የቀሩትን እየፈለግኩ ነው። በዚህኛው ወረቀት ላይ ቀይ ክብ አልነበረም።