መተንፈሻ ያለው ክትር



ሰጉላን የማያውቅ የፔታሕ ቲክቫ ሰው የለም። ፋብሪካዎቹም፣ መካነ መቃብሩም፣ የባቡር ጣቢያውም እዚያ ናቸው። እኛ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች ግን ሰጉላን ይበልጥ የምናውቀው ከፈረቃ ደክመው በሚመለሱ አባቶች ነው። ቤት ገብተው ዝም ይላሉ፤ ልጆችም አይጠይቋቸውም።

ባለፈው ክረምት ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ነበር። ውጭ ዝናብ ይዘንባል፤ ቴሌቪዥኑም የጎርፍ ዜና ያሳያል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጅ ስለ ትምህርቱ ስናነጋግረው «አባዬ ምን ያውቃል? እዚያም እዚህም የጉልበት ሥራ ነው የሠራው» አለን። አባት ሰሙ፤ አልተቆጡም። ቴሌቪዥኑን እያዩ «መተንፈሻ አልተዉለትም» አሉ።

«ለምኑ ነው አባባ?» ብለን ጠየቅናቸው።

የተወለዱት በደንቢያ ነው። ጎርፍ ማሳ እየጠረገ ሲያስቸግር፣ የመንደሩ ሰው በደቦ ወጥቶ ከሸለቆው አፍ ላይ የአፈር ክትር ሠራ። መጀመሪያ ሣሩን ከነሥሩ ነቀሉ፤ ሥር ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታልና። ከዚያ የሚጣበቀውን ሸክላ አፈር በስሱ እየደለደሉ፣ ከብት እየነዱበት አስረገጡት። በጎኑ ድንጋይ የተነጠፈበት መተንፈሻ ተዉለት። «ውሃው መውጫ አጥቶ በአናቱ ካለፈ አፈሩን ይዞት ይሄዳል» አሉን። በየዓመቱም ከዝናብ በፊት የአይጥ ጉድጓድ ይደፍኑ፣ ደለል ይጠርጉ ነበር።

ልጁ ስልኩን አስቀምጦ «ስንት ክንድ ከፍታ ነበረው?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ከመጣን ወዲህ አባቱን የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

ይህ ዕውቀት የድሮ ብቻ አይደለም። በላትሩን አቅራቢያ ያለው የሚሽማር አያሎን ማጠራቀሚያ የአያሎንን ጎርፍ ወደ ቴል አቪቭ ከመድረሱ በፊት የሚያቆየው በአፈር ግድብ ነው። መሐንዲሶችም አፈሩን በስሱ ይጠቀጥቃሉ፣ መተንፈሻም ይሠራሉ። ግድብ ግን ሁሉን አይችልም። በጃንዋሪ 2013 ጎርፉ በዝቶ የአያሎን አውራ ጎዳና ተዘግቷል። በ2006ም ጎርፍ ደንቢያንና ፎገራን አጥለቅልቆ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል።

ጥፋቱን በልጁ ላይ ብቻ ልንጥል አንችልም። በዚያው ሳምንት በሞላነው ቅጽ ላይ፣ በአባት ስም ትይዩ፣ «ሙያ፦ የለውም» ብለን የጻፍነው እኛው ነን። ምን እንደሚያውቁ ሳንጠይቅ፣ የምስክር ወረቀት ስለሌላቸው ብቻ ነው የጻፍነው። ወደ ቢሮ ስንመለስ ሰርዘን «ገበሬ፤ የአፈር ክትር ይሠራል» ብለን ጻፍን።

ይህ የፋብሪካ ደመወዛቸውን አልጨመረም። ነገር ግን በሚቀጥለው ጉብኝታችን አባትና ልጅ ወረቀት ላይ ክትር ሲሥሉ አገኘናቸው፤ መተንፈሻው በየትኛው ጎን ይሁን እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ የሠራችሁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ልጆችም ጠይቁ። እኛም ቅጽ ከመሙላታችን በፊት እንጠይቃለን።