ሞተሩ ካርቶን ውስጥ ይቆይ

ባለፈው ጥር ቤተሰብ ልጠይቅ መርሳ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርና አንድ የፕላስቲክ ውልብልቢት ነበሩ። ለእህቴ ልጅ ነው። ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ዩቲዩብ ላይ በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲያይ ያመሻል። «አጎቴ፣ እኛም እንሥራ» እያለ በስልክ መውጫ መግቢያ አሳጥቶኝ ነበር።

ግቢ ውስጥ ሞተሯን ከጠረጴዛ ጋር ጥፍር አድርገን አሰርናትና ባትሪ ሰጠናት። ዝዝዝዝ አለች። አሥር ሰከንድ አትሞላም። ከአጥሩ ማዶ እትዬ፣ ጎረቤታችን፣ «ግቡ! ልጆች፣ ወደ ቤት ግቡ!» ሲሉ ሰማሁ። የቆርቆሮ በር ጓ አለ። ሞተሯን አጠፋሁ። ዞር ስል የእህቴ ልጅ ሞተሯን አይደለም የሚያየው፤ ሰማዩን ነው። ባትሪውን ያገናኘው ራሱ ሆኖ ሳለ።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ ጆሮዬ ነው እንጂ እኔስ አልፈራሁም» አሉኝ። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ይህ ሰማይ ሁልጊዜ እንዲህ የሚፈራ አልነበረም። በ2013 መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ ሀብሩንና ራያን ሲወር፣ ማሽላው ለአጨዳ በደረሰበት ሰዓት፣ ሰው ጅራፍ እያጮኸና ቆርቆሮ እየደበደበ አንጋጦ ይጠብቅ የነበረው የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ነው። የአውሮፕላን ድምፅ የምሥራች ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 2013፣ ጦርነቱ እኛው ቤት ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም አልወጣም። እሱ አለፈ ስንል ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላው መጣና በክልላችን «ድሮን» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሕፃን ጠፋ።

በነገራችን ላይ፣ መጫወቻውና መሣሪያው ከጥንትም ዘመዳሞች ናቸው። ሬጂናልድ ዴኒ የሚባል የሆሊውድ ተዋናይ በ1930ዎቹ የሞዴል አውሮፕላን መሸጫ ሱቅ ከፍቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእሱ ኩባንያ ለአሜሪካ ጦር የተኩስ መለማመጃ የሚሆኑ በሬድዮ የሚመሩ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን በሺዎች አመረተ። ዛሬ ስሙ የገነነው ባይራክታር ቲቢ2 የክንፉ ርዝመት 12 ሜትር ነው እንጂ መሠረቱ ያው ክንፍ፣ ሞተርና ሬድዮ ነው። የእትዬ ጆሮ አልተሳሳተም ማለት ነው።

ታዲያ ለልጁ ምን ልበለው? «ተወው» ማለት ይቀላል። ግን አስመላሽ ዘፈሩን አስታወስኩ። በሙያው የጤና ባለሙያ ሲሆን፣ ኬ-570ኤ ብሎ የሰየማትን አውሮፕላን መጽሐፍ እያነበበና ዩቲዩብ እያየ በገዛ እጁ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ሊያበራት የሞከረው ሰው ነው። አልሰመረለትም። እንዲህ ያለ ፍላጎት ያደረበትን ልጅ ግን «ተወው» በማለት አታስቆሙትም።

ሞተሯን ወደ ካርቶኗ መለስናት። ያለ ሞተርና ያለ ሬድዮ፣ በእጅ ከሚወረወር ተንሳፋፊ አውሮፕላን ጀመርን። ኋላ እንደገባኝ ደግሞ ትክክለኛው መጀመሪያም ይኸው ነው።

ለክንፉ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ተጠቀምን። ለወገቡ አገዳ። ሀብሩ የማሽላ አገር ነው፤ እኛም በልጅነታችን ከአገዳ መነጽርና መኪና እየሠራን በእሾህ ስናያይዝ ነው ያደግነው። ፈረንጆቹ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ገዝተው ነው የሚሠሩት፤ የደረቀ አገዳ በነፃ ነው።

ዋናው ምስጢር ሚዛን ነው። ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምራችሁ የክንፉን ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ገባ በሉና እዚያ ላይ ከሥሩ በሁለት ጣት ደግፋችሁ አንሡት። አግድም መቆም አለበት። ጅራቱ ከከበደ አፍንጫውን ወደ ላይ ይቀስርና ፍጥነቱ ሞቶ ዱብ ይላል። ለጀማሪ አፍንጫው ትንሽ ቢከብድ ይሻላል። የእኛው ጅራቱ ከብዶ ስለነበር አፍንጫው ላይ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ለጠፍንበት።

ሌላው፣ ቪዲዮዎቹ የማይነግሯችሁ፣ ከፍታ ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ነች። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ያው አውሮፕላን ራሱን ለመሸከም አሥር በመቶ ያህል ፈጠን ማለት አለበት። ስለዚህ ክንፉን ሰፋ፣ ክብደቱን ቀለል ማድረግ ነው። መርሳ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይሻላታል።

በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ማሽላው ከታጨደበት ማሳ ወረድን። ንፋሱን ፊት ለፊት ይዞ መወርወርን ላስተምረው ስል ልጁ ቀድሞኝ አቧራ በትኖ አቅጣጫውን አየ። ለካ ማማ ላይ ወፍ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ በወንጭፍ ይህን ሁሉ ተምሮታል። አራት ጊዜ አፈር በላ። በአምስተኛው አሥራ ሁለት እርምጃ ሄደ። ፀሐይ ሞቅ ስትል አርባ እርምጃ ደርሰን ነበር፤ የሰፈሩ ልጆችም ተሰብስበው ነበር። እትዬ ከአጥራቸው ሥር ቆመው ያያሉ። «ድምፅ የለውም?» አሉኝ። «የለውም።» «እንዲህ ነዋ» ብለው ገቡ።

ሬድዮው ጊዜው ሲደርስ ይመጣል። አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኙ ይገለበጥባችኋል፤ ያኔ መሪውን ዝቅ ወዳለው ክንፍ መግፋት ነው። ይህን ኮምፒውተር ላይ በማስመሰያ ጨዋታ መለማመድ ይቻላል፤ ምንም ነገር አይሰበርም፣ ማንም አይደነግጥም። ከውጭ አገር ዕቃ አስመጣለሁ የምትሉ ግን ድሮን ያለ ፈቃድ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንደሚያዝ አትርሱ። ፈታሹም «መጫወቻ ነው» ስላላችሁት ብቻ አይለቃችሁም፤ በዚህ አልፈርድበትም። እኔ ያለኝ ሐሳብ አንድ ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር በየግቢው ተደብቆ ከሚሠራ፣ ቦታና ሰዓት ተቆርጦለት፣ ቀበሌውም ጎረቤቱም አስቀድሞ አውቆት፣ በትምህርት ቤት ክበብ ይጀመር። የፊዚክስ መምህር የጠመኔ ያህል እንኳ ወጪ የለበትም።

ባለፈው ሳምንት ልጁ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ስድስት ልጆች፣ ስድስት አውሮፕላን። ከፎቶው ሥር «አጎቴ፣ ሞተሯስ?» ይላል። «እትዬን ጠይቃቸው» አልኩት።

ማታ መልስ መጣ። «ክረምቱ ይውጣና እናያለን አሉ።»