ስለዚያ አክሲዮን፣ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ታናሽህ ፈተና ላይ ነው፤ ላሚቱ ወልዳለች፤ ዝናቡም ገብቷል። ዲላ እህትህ ዘንድ እስከ ሐሙስ እንደምትቆይ ሰምቼ፣ አዲስ አበባ ሳትገባ እንዲደርስህ ይህን ወረቀት በሚኒባሱ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። በስልክ ግን አንተ «እሺ እማ፣ እሺ» ትላለህ፤ እኔም ሆዴ ይባባና መርቄህ እዘጋለሁ፤ ነገሩም ሳይነገር ያድራል።

ትምህርትህን ጨርሰህ፣ ሥራ አግኝተህ መሄድህ ለእኔ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አባትህ ይህን ቀን ቢያየው ኖሮ... ይቅር፤ እሱን ከጀመርኩ ወረቀቱ አይበቃኝም። ጌታ መንገድህን ያቅናልህ።

የሚከነክነኝ ያ አክሲዮን ነው።

ጓደኛህ ለፋሲካ እኛ ቤት መጥቶ በሰነበተ ጊዜ ሁሉን ሰምቻለሁ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቆጮውን በደስታ በላ፣ እናቴ እያለ አጫወተኝ፤ ክፉ ሰው ነው አልልም። ወሬው ሁሉ ግን ስለዚያ በምሥረታ ላይ ስላለ ኩባንያ ነበር። የቀንጢቻን ታንታለምና ሊቲየም አጣርቶ ለስልክና ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሆን ቁስ እንደሚያመርት፣ አሁን የገባ ሰው መሥራች እንደሚባል፣ ገንዘቡ በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን፣ ሽያጩም በዚህ ወር እንደሚዘጋ ነገረን። አንተ ስታዳምጠው ዓይንህን አየሁት። ገና ልጅ ሳለህ አያትህ በዳራሮ በዓል ተረት ሲነግሩህ እንዲህ ነበር የምታዳምጠው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ እህትህ ደወለችልኝ። አክሲዮኑን የገዙ ልጆች ቤቷ ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ ስታዳምጥ አምሽታ ኖሯል። አንዱ ሃምሳ ገዝቻለሁ ይላል፤ ሌላው የእናቱን በሬ አሽጦ መቶ ገዝቷል። ወሬያቸው ዋጋው መቼ ይጨምራል፣ ማን ቀድሞ ይሸጣል፣ መኪናው ምን ዓይነት ይሁን ነው። አንድ ልጅ ብቻ «ገንዘባችን በየትኛው ባንክ ነው የተቀመጠው? በማን ፊርማ ነው የሚወጣው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «አንተ ሁልጊዜ ጨለምተኛ ነህ» ተብሎ ተሳቀበት። ለጥያቄው የመለሰለት ሰው አልነበረም። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ ያን ልጅ ባገኘው አቅፌ እስመዋለሁ።

ልጄ፣ እኔ የአክሲዮን ጠላት አይደለሁም። አባትህ በቡና ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ዕጣ የገዛ ሰው ነበር። የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ሲመሠረት ቡና ዋጋ ያጣበት ክፉ ዘመን ነበር፤ ገበሬው ግን ማንን እንደሚመርጥ፣ ቡናው የት እንደሚታጠብ፣ መጋዘኑ የት እንዳለ እያየ ነው የገባው። የትርፍ ክፍፍሉ ሲመጣ አባትህ ለእናንተ ደብተርና ጫማ ገዝቶ፣ በተረፈው ለእኔ ነጠላ ይዞልኝ መጣ። ነጠላው እስካሁን አለኝ። ኢትዮ ቴሌኮምም አክሲዮን መሸጥ በጀመረበት በጥቅምት 6 ቀን 2017 ሰሞን፣ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር መሆኑን ነግረኸኝ፣ ግዛ ብዬ የመረቅኩህ እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ማንም አላጣደፈህም። ታኅሣሥ 25 ይዘጋል የተባለው እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። ኩባንያው 100 ሚሊዮን አክሲዮን አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ የገዛውም 47,377 ሰው። ይህንም ኩባንያው ራሱ በይፋ ተናገረ። ሁላችን በየቀኑ የምንደውልበት ኩባንያ እንኳ የሸጠውንና ያልሸጠውን ቆጥሮ ሲነግረን፣ ገና ድንጋይ ያላነሳው ያንተ ኩባንያ ስንት እንደሸጠ ለባለአክሲዮኖቹ የማይናገረው ለምንድን ነው?

አሁን ሕግ አለ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ ጥር 2 ቀን 2017 ደግሞ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ በመጀመሪያ ተመዘገበ። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው አደራጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል፣ ምን ሊያከስር እንደሚችል የሚዘረዝር መግለጫ ጽፎ ባለሥልጣኑ እንዲያጸድቅለት ግድ ነው። የምሥረታው ገንዘብም በባንክ ዝግ ሂሳብ ይቀመጣል እንጂ በግለሰብ ቴሌብር አይገባም። እህትህ እንደነገረችኝ ጓደኛህ የሚሰበስበው በራሱ ቁጥር ነው። «ለማፍጠን ነው» አለ አሉ። የማፍጠኑ ነገር ለማን እንደሚጠቅም አስበው።

ባልደረባዬ የነበረችውን መምህርት ታስታውሳታለህ፤ እጅህን ይዛ ፊደል ያስቆጠረችህን። በምሥረታ ላይ ካለ አንድ ባንክ አክሲዮን ገዝታ ነበር፤ የባንኩን ስም አላነሳም። በ2013 ብሔራዊ ባንክ ለአዲስ ባንክ የሚያስፈልገውን ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው፣ በምሥረታ ላይ ከነበሩት ባንኮች የሞላላቸው ከፈቱ፣ ያልሞላላቸው ተዋሐዱ ወይም ተበተኑ። የእሷ ከተበተኑት ነበር። ዋናው ገንዘቧ ስንት ደጅ ጠንታ ተመለሰላት፤ የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ የተቆረጠው ግን ቀረ። በዚያ መሐል ብሩ ራሱ ረክሷል። ያም እንግዲህ ሌባ የሌለበት፣ ገንዘቡ በዝግ ሂሳብ የተቀመጠ ነበር።

ጓደኛህ «ማዕድኑ ከደጃችን ነው፤ እንዴት እንከስራለን?» አለ። እውነት ነው፤ ቀንጢቻ ጎረቤታችን ጉጂ ውስጥ ነው፤ ታንታለሙም እኔ ወጣት መምህርት ሳለሁ ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል። ስልክ ውስጥ ያለችውን ኤሌክትሪክ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ ከእሱ እንደሚሠሯት ያስረዳኸኝ አንተው ነህ፤ ትማርበት ከነበረው ከአዳማ ለእረፍት መጥተህ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጠህ፣ ያረጀ ስልኬን ፈተህ ስታሳየኝ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ግን ድንጋዩ ጥሬውን እየተጫነ ወደ ውጭ ሲሄድ ነው የኖረው። አጣርቶ ስልክ ውስጥ የሚገባ ቁስ ማድረግ ስንት ዓይነት ማሽን፣ ስንት ዓመት ልምድ፣ ስንት መብራት እንደሚፈልግ ከጓደኛህ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ የተማርከው እሱን ነው። እስቲ የተማርከውን ትምህርት ለዚህ አውለው። ፈቃዱ በማን ስም ነው? በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ያንተ ኩባንያ ድንጋዩን ከማን ይገዛል? በምን ዋጋ? ማሽኑን ማን ይተክላል? ይህን ጠይቀህ መልስ ካገኘህ እኔም መልሱን አብሬህ አነበዋለሁ።

የማዕድኑ ዋጋም ቢሆን ከእኛ ደጅ አይወሰንም። ሊቲየም በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ቻይና ውስጥ በቶን ወደ 600 ሺህ ዩዋን ደርሶ፣ በዓመቱ ከ100 ሺህ በታች ወረደ። ታናሽህ ነው ከስልኩ ፈልጎ ያነበበልኝ። ስሰማው የ1993ና የ94ን ቡና አስታወሰኝ።

አንተ ያን ጊዜ አልተወለድክም። እሸት ቡና ለቅመን መረከቢያው ድረስ ተሸክመን ወስደን፣ የለቀማውን ጉልበት እንኳ የማይመልስ ዋጋ ሲነግሩን፣ አባትህ ቃል ሳይተነፍስ ጆንያውን አራግፎ ተመለሰ። ዋጋውን የወሰኑት እኛ የማናውቃቸው፣ እነሱም እኛን የማያውቁን ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት ነው ታላቅ እህትህ ትምህርት ያቋረጠችው። ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏ አንደኛ። ሰው ቤት ሄዳ ስትሠራ፣ እኔ የሌላውን ሰው ልጅ በዚያው ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ዛሬ ዲላ ላይ ሱቅ ከፍታ፣ አንተን አስተምራ፣ ለእኔም መድኃኒት ትልክልኛለች፤ ጌታ ይባርካት፣ ቤቷ ይሙላ። ግን በምረቃህ ቀን ጥቁሩን ካባህን ስታስተካክልልህ ሳያት፣ እሷም ይህን ትለብስ ነበር ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። አንተም አትንገራት።

ለዚህ ነው ገንዘቡን በዋዛ የማላየው። አክሲዮኑን ልትገዛበት ያሰብከው 300,000 ብር ከአባትህ ማሳ የወጣ ነው፤ ከላይኛው፣ ከእነዚያ ትልልቅ ዛፎች ሥር ካለው። ቡናውን አባትህ ተከለው፤ እንሰቱን እኔ ተከልኩ፤ ጥላውን አያትህ። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ሰዎች ያዩት ያንን ነው፤ ቡናና እንሰት በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አባት ለልጅ ሲያወርሰው። በ2010 ወገኖቻችን ተፈናቅለው ገደብ ሲሞላ፣ የትምህርት ቤታችን ክፍሎች መኝታ በሆኑ ጊዜ፣ ለሰዉ ቆጮ የወጣው ከዚያው ማሳ ነው። አንተ ትንሽ ልጅ ሆነህ በትሪ ተሸክመህ ታድል ነበር፤ አንዲት አሮጊት «እጅህ አይንጠፍ» ብለው የመረቁህን እኔ አልረሳሁም። አሁንም እላለሁ፣ እጅህ አይንጠፍ።

እንደ ልማዴ ሒሳብ ልሥራልህ። 300,000 ብር በየዓመቱ እጥፍ ቢሆን በአምስተኛው ዓመት 9,600,000 ይሆናል። በአሥረኛው ዓመት ከ307 ሚሊዮን ያልፋል። ቡና ማሳ እንዲህ አያፈራም፤ ባንክ እንዲህ አይከፍልም፤ ወርቅም እንዲህ አይወልድም። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ ያለው ሰው አንተን ፍለጋ ገደብ ድረስ ለምን ይመጣል? ባንኩ በር ላይ ቆሞ ይበደር ነበር እኮ። አሥር ሰው ያመጣ ኮሚሽን አለው መባሉንም ሰምቻለሁ። ያን ስሰማ ሰውን ለእንዲህ ያለ ነገር አሰባስቦ የጠፋው አጎትህ ነው ትዝ ያለኝ። እሱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ልጆቹ በገበያ ቀን አንገታቸውን ደፍተው እንደሚያልፉ ታያለህ።

ጓደኛህን አትቆጣው። ምናልባት እሱም ተታሎ ይሆናል፤ የራሱን ገንዘብ ከቶበት ብቻውን እንዳይሆን ሰው እየፈለገ ይሆናል። አንተ «እናቴ መግለጫውን ካላየሁ አለች» በለው። በእኔ አሳብበህ ተወጣው፤ ቅር አይለኝም። መግለጫው አለ ካለ፣ ባለሥልጣኑ ያጸደቀው መሆኑን አዲስ አበባ ስትገባ እዚያው ቢሮአቸው ሄደህ ጠይቅ። የለም ካለ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። እስከዚያ ድረስ ገንዘቡ ካለበት ባንክ አይነቃነቅ። ከዚህ ሌላ ስለ ገንዘብ የምነግርህ የለኝም፤ ቤት ኪራይ ስትከፍል ደረሰኝ ተቀበል፣ ለሰው ዋስ አትሁን፣ ደመወዝህን ከወሩ መጨረሻ አድርሰው።

ሻንጣህ ውስጥ በሶና የተቆላ ቡና አለ፤ ቡናው ከላይኛው ማሳ ነው፤ ለአለቆችህም ከየት እንደሆነ ንገራቸው። ጋቢውን አትተወው፤ የአዲስ አበባ ሐምሌ ከባድ ነው። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት አትቅር። ሌሊት አትዙር። ብትታመም አትደብቀኝ። የአባትህ አምላክ በፊትህ ይቅደም፤ የሚወድህን ያብዛልህ፤ በልተህ የምትጠግብ፣ ሠርተህ የምታተርፍ፣ ተኝተህ የምትነቃ ያድርግህ። ከአለቃ ፊት ሞገስ ይስጥህ። አግብተህ፣ ወልደህ፣ ልጆችህን ይዘህ በዳራሮ ቀን እዚህ ደጅ ያምጣህ፤ እኔም ልያቸው።

ይህን እንዳነበብክ ደውልልኝ። ስለ መልካም ነገር ሌላ ጊዜ እናወራለን፤ መጀመሪያ ግን ገንዘቡን እንዳልሰጠኸው ንገረኝ። ከሰጠኸውም አትደብቀኝ፤ አልቆጣህም፤ ዲላ ድረስ መጥቼ አብረን ሄደን እንጠይቃለን።

የምትወድህ እናትህ
ከገደብ