ወርቅ ላበደረ ጠጠር

ከካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ከሳክራሜንቶ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ግርጌ ሲደርሱ፣ ኮሎማ የምትባል ትንሽ መንደር ያገኛሉ። የሚያደርሰው አውራ ጎዳና ቁጥሩ 49 ነው፤ በ1849 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ወርቅ ፍለጋ ለጎረፈው ሕዝብ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። እኛ ስደተኞችም «አሜሪካ ወርቅ ይታፈሳል» ተብለን የመጣን ነንና፣ በእርግጥ የታፈሰበትን ስፍራ ለማየት ባለፈው ሰሞን ከጥቂት ወዳጆች ጋር ወደዚያው አቀናሁ።

ጄምስ ማርሻል የተባለ አናጢ፣ ለባለሀብቱ ጆን ሳተር በውሃ የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ በማሠራት ላይ ሳለ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1848 በውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር አየ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሜክሲኮ፣ ተሸንፋ የለ፣ ካሊፎርኒያን የምታስረክብበትን ውል ፈረመች። ወርቁን ግን ገና አልሰማችም ነበር!

የማርሻል ሐውልት ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቆሞ በጣቱ ወደ ወንዙ ያመለክታል። ሰውዬው ግን በ1885 የሞተው በድህነት ነው። በ1872 የተፈቀደለት ጡረታ እንኳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋርጦበታል። ሐውልቱ የቆመለት በ1890፣ ማለትም ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በቁሙ የነፈጉትን ሰው ሲሞት በሐውልት ማቆም የመንግሥታት ሁሉ ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

ኮሎማ የሚለው ስም የመጣው ከነባሮቹ ከኒሴናን ሕዝብ ነው። እነርሱ ሐውልት ቀርቶ ሕይወታቸውም አልተረፈላቸውም። በ1851 የክፍለ ግዛቱ ገዥ ፒተር በርኔት የነባሩ ሕዝብ ዘር እስኪጠፋ ጦርነቱ እንደሚቀጥል ለምክር ቤቱ በይፋ ተናግሯል። ከወርቁ በፊት 150 ሺህ ያህል ይገመት የነበረው የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ፣ ሃያ ዓመት ከጥቂት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወደ 30 ሺህ ወረደ። ይፋዊው ይቅርታ የመጣው በ2019 ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የናንሲ ጉች ታሪክ ነው። ናንሲ በ1849 ከሚዙሪ ወደ ኮሎማ የመጣችው ወርቅ ፈልጋ አልነበረም፤ ባሪያ ሆና፣ በጌታዋ ተነድታ ነው። ትንሹ ልጇ አንድሩ እዚያው ሚዙሪ ቀረ። ካሊፎርኒያ በ1850 ባርነት የተከለከለበት ክፍለ ግዛት ሆና ኅብረቱን ስትቀላቀል ናንሲ ነፃ ወጣች። ወንዶቹ በረዶ በሚመስል ውሃ ውስጥ ቆመው አሸዋ ሲያጥቡ እርሷ ልብሳቸውን አጠበች፣ ምግባቸውን አበሰለች። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ ሳንቲም በሳንቲም ባጠራቀመችው 700 ዶላር ልጇን ከነሚስቱና ከነልጆቹ አስመጣችው። እናት ከልጇ ጋር የተገናኘችው ሃያ ዓመት ገደማ ተለያይተው ነው። ለውጭ አገር ኑሮ ብለው ልጅ ጥለው የመጡ አንባቢዎቼ ይህን ቁጥር ቆመው ይመልከቱት።

የአንድሩ ሞንሮ ቤተሰብ ፍራፍሬ እየተከለ መሬት ላይ መሬት ገዛ። በመጨረሻም የሳተር መሰንጠቂያ የነበረበት፣ ወርቁ የተገኘበት ስፍራ ሳይቀር የእነርሱ ሆነ። ሳተርም ማርሻልም ያልያዙትን የልብስ አጣቢዋ ልጆች ያዙት።

ዛሬ ስፍራው የመንግሥት ፓርክ ነው። ቤተሰቡ መሬቱን በ1940ዎቹ ለክፍለ ግዛቱ ለቋል።

ይህን ሳወራላቸው አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት ከባርኔጣቸው ሥር ቀና ብለው አዩኝ።

«ካሳ ተከፍሏቸዋል?»

«ገንዘብ ተከፍሏቸዋል ጋሼ።»

«ወደው ነው የተነሡት?»

ክርክሩ ያለው እዚያ ላይ ነው አልኳቸው፤ በወንዙ ዳር መሬት የነበራቸው የጥቁር ቤተሰቦች ዘሮች ርስታችን ይመለስልን እያሉ ነው። አዛውንቱ ምንም አልመለሱም። በወንዙ ዳር የሰው ልጆች ሳህን ይዘው አሸዋ ሲያጥቡ ብዙ ቆመው ተመለከቱ።